«ጥሩ ኮርስ ነው፤ ግን ማን ያስተምረዋል?» የጋራ ኮርስ ቀርጾ ስለ ማስጸደቅ

ጥያቄ፦ «በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና መምህር ነኝ። ዲፓርትመንታችን ‹ውሃና ኅብረተሰብ› የሚል ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ቀርጾ ለሁሉም ተማሪ በግዴታ እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቧል። ረቂቁ ዘጠኝ ምዕራፍ አለው። የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴው ሁለት ጊዜ መለሰብን። የመጀመሪያው አስተያየት ‹ከጂኦግራፊ ጋር ይደራረባል፣ ቴክኒካልም በዝቶበታል› ይላል። ሁለተኛው ‹የማስተማር አቅም አልተብራራም› የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲያችን በዓመት 3,000 ያህል አዲስ ተማሪ ይቀበላል። ዲፓርትመንታችን 14 መምህራን አሉት፤ 5ቱ ለትምህርት ወጥተዋል። ይዘቱን ደጋግመን አስተካከልን፤ ምን እንደሚፈልጉ ግን አልገባንም። ምን እናድርግ? ለሴኔትስ መቼ ብናቀርብ ይሻላል?»

መልስ፦ ቅር አይበልዎትና፣ ኮሚቴው ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነው። የላኩልኝን ረቂቅ አነበብኩት። ይዘቱ ላይ ስህተት አላገኘሁም። ችግሩ ሰነዱ የውሃ ምህንድስና መግቢያ ኮርስ መሆኑ ነው። ለራሳችሁ ተማሪዎች ከምትሰጡት ላይ ቀመር ቀነስ፣ ሥዕል ጨመር አድርጋችሁ ያወጣችሁት ይመስላል። በዚህ መንገድ የጋራ ኮርስ አይገኝም።

የእናንተ ተማሪ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሰት ዛሬ ባይገባው ሦስተኛ ዓመት ላይ መልሶ ያገኘዋል። የአካውንቲንግ ተማሪዋ ግን ስለ ውሃ የምትማርበት ሌላ ክፍል አይኖራትም። የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ይሄ ነው። ስለዚህ መነሻችሁ ይህ ጥያቄ ይሁን፦ ይህች ልጅ ከ10 ዓመት በኋላ ባንክ ውስጥ ተቀጥራ፣ ወይም ቀበሌዋ ውስጥ የውሃ ኮሚቴ አባል ሆና፣ ምን መሥራት እንድትችል ትፈልጋላችሁ? ረቂቃችሁ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለም። «መሠረታዊ ፅንሰ ሐሳቦችን ትረዳለች» የሚለው መልስ አይባልም።

ኮሚቴው ሌላም ጥያቄ አለው። ብዙ ጊዜ ጮክ ብሎ አይጠይቀውም። ይህን ኮርስ በጉጉት የቀረጻችሁት ሦስት አራት ሰዎች ለፒኤችዲ ስትወጡ ማን ይሸከመዋል? «የማስተማር አቅም አልተብራራም» የሚለው አስተያየት ትርጉሙ ይኸው ነው። እናንተ ደግሞ ይህን ጥያቄ ይዘት በማሻሻል ልትመልሱት ሞከራችሁ። ለዚህ ነው ያልተግባባችሁት።

ነገሩ የናንተ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ትንሽ ታሪክ ልጨምር። የጋራ ኮርስ ልማድ የመጣልን ከሰሜን አሜሪካ ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ በ1919 እ.ኤ.አ.፣ ስለ ዘመናዊ ሥልጣኔ አንድ የጋራ ኮርስ ጀመረ። ሃርቫርድ ደግሞ በ1945 እ.ኤ.አ. አጠቃላይ ትምህርት ምን መሆን እንዳለበት ሰፊ ሪፖርት አወጣ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሉት። እኛ ጋ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ካናዳዊው ሉሲየን ማት ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የአሜሪካውያን አሠራር ጎልቶ ወጣ። ክሬዲቱም ፍሬሽማኑም (የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቱ) የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ፕሪፓራቶሪን አመጣ። የፍሬሽማን ትምህርት ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወረደ ተባለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዩኒቨርሲቲው ፍሬሽማን ቀረ፤ የብዙ ፕሮግራሞች ዲግሪም ከ4 ዓመት ወደ 3 ዓመት አጠረ። ፍሬሽማን የተመለሰው ከአገር አቀፉ የትምህርት ፍኖተ ካርታ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ነው። ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ኢንክሉሲቭነስ፣ ግሎባል ትሬንድስ፣ ኢንተርፕረነርሺፕ፣ ሁሉም በአንድ ጥቅል መጡ። ሞጁሎቹን ያስጻፈው የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ጸሐፊዎቹ ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ምሁራን ናቸው።

ይህ ምን አስከተለ? ዛሬ ዲፓርትመንት ውስጥ ያለው አብዛኛው ወጣት መምህር ራሱ ፍሬሽማን ሳይማር የተመረቀ ነው። የጋራ ኮርስ አስተምሮ ሊያውቅ ይችላል። ሞጁሉ ግን ተዘጋጅቶ ነው እጁ የገባው። ከዜሮ ተነስቶ ቀርጾ፣ በኮሚቴ ፊት ቆሞ የተከራከረ ጥቂት ነው። ስለዚህ የምናውቀውን ፎርም እንሞላለን፤ እሱም የዲፓርትመንት ኮርስ ፎርም ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ በየትኛው በር እንደምትገቡ ወስኑ። ሦስት በሮች አሉ። አንደኛው የአገር አቀፉ የፍሬሽማን ጥቅል ነው። እሱን የእናንተ ሴኔት ብቻውን አይነካውም፤ እዚያ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው በራሱ ለሁሉም ተማሪ ግዴታ የሚያደርገው ኮርስ ነው። እናንተ የሄዳችሁት እዚህ ነው። ከሦስቱ ይበልጥ ጠብ ያለበት በር ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ። ሦስተኛው ኤሌክቲቭ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ «ከሌላ ዲፓርትመንት የሚወሰድ ምርጫ» የሚል ክፍተት አለ። እሱም በአብዛኛው ለይስሙላ ነው የሚሞላው። ተማሪው ምርጫ አለህ ይባላል፤ የተከፈተው ኮርስ ግን አንድ ብቻ ነው።

የኔ ምክር በሦስተኛው በር ግቡ የሚል ነው። ሁለት ዓመት አስተምሩት። ከዚያ በእጃችሁ ውጤት ይዛችሁ ወደ ሁለተኛው ሂዱ።

ይዘቱን በተመለከተ፣ ዘጠኙን ምዕራፍ ተዉት። የመደራረብ አስተያየቱ ትክክል ነው። የፍሬሽማኑን ጂኦግራፊ ሞጁል ከፍተው አራተኛውን ምዕራፍ ይዩ። ስለ ኢትዮጵያና ቀንዱ የተፋሰስ ሥርዓትና የውሃ ሀብት ነው። የእናንተ ምዕራፍ 2 እና 3 ያንኑ ይደግማሉ። ተማሪው ተፋሰሶቹን አንድ ጊዜ ሸምድዷል። መልሶ ማሸምደድ ምን ይጠቅማል?

በምዕራፍ ፈንታ ሦስት ጉዳይ ምረጡ። ለእያንዳንዱ አምስት ሳምንት ስጡ። 16ኛውን ሳምንት ለማቅረቢያ ተዉት። እኔ ብሆን የምመርጣቸውን ልንገርዎት፤ እናንተ በአካባቢያችሁ ጉዳይ መቀየር ትችላላችሁ።

የመጀመሪያው የስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞችና መንደሮች ያደጉ ልጆች ጥርስ ለምን እንደሚበልዝ ተማሪው ያውቃል፤ ቢያንስ አይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ይላል። በዚያ አካባቢ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በላይ ናቸው። ተማሪው የአንድ ጥልቅ ጉድጓድ የላብራቶሪ ውጤት ይሰጠው። ውጤቱን ያንብብ፤ አሃዱን ይለይ፤ ከመመሪያው ጋር ያወዳድር። ቀጥሎ ከባዱ ይመጣል። በአካባቢው ሌላ ውሃ ከሌለ ጉድጓዱ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል? ማጣሪያው በማን ገንዘብ ነው የሚሠራው? ማን ይጠግነዋል? አንድ ወረቀት ላይ ትንሽ ኬሚስትሪ፣ ትንሽ ጤና፣ ትንሽ አስተዳደር ተገናኙ። የሕግ ተማሪውም የነርሲንግ ተማሪዋም የሚናገሩት ያገኛሉ።

ሁለተኛው የሐረማያ ሐይቅ ነው። ሐረር ለዓመታት ስትጠጣው የኖረች ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀች። ከተማዋ ውሃዋን ከሩቅ ለማምጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃው ተመልሶ መታየት ጀምሯል። ለምን ደረቀች ሲባል አንድ ጥፋተኛ የለም። በሐይቁ ዳር ለጫትና ለአትክልት ውሃ የሚስበው ፓምፕ አለ። ከተራራው የሚታጠበው አፈር አለ። የከተማው ፍጆታ አለ። ተማሪው እነዚህን ምክንያቶች ይመዝን። የትኛው ማስረጃ የቱን ይደግፋል? ፓምፑን የተከለው ገበሬ ለራሱ ትክክል ሠርቷል፤ ሁሉም ሲተክል ግን ሐይቁ አለቀ። ይህን ነገር የኢኮኖሚክስ መምህር መጥቶ ቢያስተምረው ከናንተ ይበልጣል። ይጋብዙት።

ሦስተኛው ዓባይ ነው፤ መቼም ያለሱ አይሆንም። ግን «ዓባይ የኛ ነው» ብሎ የሚጀምርና የሚጨርስ ክፍል አታድርጉት። ተማሪው ያን ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው። ሰነድ ይዞ ይቀመጥ። የ1929 እና የ1959 እ.ኤ.አ. ስምምነቶችን ያንብብ፤ ማን ፈረመ፣ ማን አልፈረመም ይበል። ኢንቴቤ ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. ለፊርማ የቀረበው የትብብር ማዕቀፍ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል ምን ተለወጠ? ግብፅና ሱዳን የሚያነሱትን መከራከሪያ በነሱ ቦታ ሆኖ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ይህን ሳይሳደብ መጻፍ የቻለ ተማሪ ብዙ ተምሯል። ቁጥርም ይኑር። የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል። የጥቁር ዓባይ አማካይ የዓመት ፍሰት ድንበሩ ላይ 49 ቢሊዮን ገደማ ነው። 74ን ለ49 ማካፈል የማይችል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለም። ውጤቱ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ግን ሌላ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ዛሬ የሚነሳው ጥያቄ ስለ መሙላት ሳይሆን ድርቅ ሲመጣ ስለሚለቀቀው ውሃ ነው። ሞጁላችሁ ግን አሁንም ስለ አሞላል ያወራል።

እግረ መንገዴን ላንሳው። ረቂቁ ውስጥ የሚከለስበት ቀን የለም። ይህ የማይመስል ትልቅ ጉድለት ነው። የኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ሞጁል የተጻፈው በ2012 ዓ.ም. መግቢያ አካባቢ ነው፤ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተከፈተው በ2015 ዓ.ም. ነው። ያንን ምዕራፍ ሳይነኩ የሚያስተምሩ ክፍሎች ገጥመውኛል። ጸሐፊዎቹን አልወቅስም። ማን መቼ እንደሚከልሰው ቀድሞ አለመወሰኑ ነው ጥፋቱ። እናንተ «በየሁለት ዓመቱ፣ በኮርሱ አስተባባሪ» ብላችሁ ጻፉ። ኮሚቴው ይወደዋል፤ ጠቃሚም ነው።

የትምህርት ውጤቶችን የሚዘረዝረው ገጽ ላይ «ይረዳል»፣ «ያውቃል»፣ «ይገነዘባል» የሚሉትን ሁሉ ሰርዙ። በምን ትተኳቸዋላችሁ? «የጉድጓድ ውሃ ምርመራ ውጤት አንብቦ የአንድ ገጽ ምክር ይጽፋል» በሉ። አራት ወይም አምስት እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የናንተ 17 አለው። 17 ግብ ያለው ኮርስ ግብ የለውም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ሰዓቱን ቁጠሩ። ይህን የሚሠራ ጥቂት ነው፤ ኮሚቴ ውስጥ ግን አንድ ሰው ሁልጊዜ ይቆጥራል። በኛ አሠራር 3 ክሬዲት ማለት 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪውን ጠቅላላ የሥራ ሰዓት የሚቆጥር የአውሮፓውያን መለኪያ) ነው። አንዱ ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ሲያዝ 135 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ 48ቱ ክፍል ውስጥ ያልቃል፤ በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት። የቀረው 87 ሰዓት የተማሪው ነው። በሳምንት 5 ሰዓት ተኩል አይሞላም። እናንተ ያዘዛችሁት ንባብ 600 ገጽ ገደማ ነው፤ በእንግሊዝኛ፤ ለብዙ ተማሪ ሦስተኛ ቋንቋው በሆነ። ከዚያ ላይ የቡድን ሥራ፣ የመስክ ጉብኝትና ሁለት ፈተና። አይገባም። ተማሪው በሴሚስተር እንዲህ ያሉ ስድስት ኮርሶች ከያዘ 810 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 50 ሰዓት ያለፈ። ከዚህ በላይ ስታዝዙት አያነብም፤ ሃንድአውት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይቀባበላል። ለእያንዳንዱ ጉዳይ 30 ወይም 40 ገጽ ይበቃል። ብቻ የምር ይነበብ።

ምዘናው ላይ ጠበቅ ልበል፤ የጋራ ኮርሶች የሚሞቱት እዚህ ነውና። ክሪቲካል ቲንኪንግን ይመልከቱ። ሐሳቡ ግሩም ነው፦ ተማሪው ክርክር ይመዝን፣ የማያዛልቅ መከራከሪያ ይለይ። የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ግን ፈተናው ምርጫ ብቻ ይሆናል። ምርጫ ብቻ ሲሆን ተማሪው የስህተት ዓይነቶችን ስም ይሸመድዳል። ስማቸውን ሁሉ ያውቃል፤ ጋዜጣ ላይ ሲያገኛቸው ግን አያውቃቸውም። የኮርሱ አውትላይን አልተለወጠም፤ ፈተናው ግን ኮርሱን ሌላ ነገር አደረገው።

ስለዚህ እርማቱን አሁኑኑ አስሉት። የአንድ መምህር ሙሉ ሎድ (የማስተማር ድርሻ) አብዛኛው ቦታ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከሆነ አራት ሴክሽን (አብሮ የሚማር የተማሪ ቡድን) ይይዛል። ሴክሽኑ 60 ቢሆን 240 ተማሪ። ከእያንዳንዱ አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ለአንዱ 5 ደቂቃ ብንል፣ 20 ሰዓት። በሴሚስተር ሁለት ጊዜ ከሆነ 40 ሰዓት። ይቻላል፤ ግን አራት መስመር ያለው ግልጽ የእርማት መመሪያ ከሌለ 5 ደቂቃው 15 ይሆናል። ሦስት ጽሑፍ ካላችሁ መምህሩ ሦስተኛውን ሳያነብ ማርክ ይሞላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ረቂቁ ግርጌ ላይ በእርሳስ «ወደ 2 ክሬዲት ብንቀንሰውስ?» ተብሎ ተጽፏል። ወጥመድ አለው። ክሬዲቱ ሲቀንስ የአንድ መምህር ሴክሽን ከአራት ወደ ስድስት ይወጣል። 360 ተማሪ፤ አንድ ዙር እርማት 30 ሰዓት። ኮርሱ ቀለለ ስትሉ መምህሩ ላይ ከበደ። 3 ክሬዲት ላይ ቆዩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው አስተያየት፣ ወደ አቅሙ። ሒሳቡን እናንተ ባትሠሩትም ኮሚቴው ሠርቶታል። 3,000 ተማሪ በ60 ሲካፈል 50 ሴክሽን ነው። በሁለት ሴሚስተር ብትከፍሉት በአንዱ 25። በ3 ሰዓት 75 የክፍል ሰዓት በሳምንት። ለ12 ሲካፈል ስድስት መምህር ሞልቶ ሰባተኛውን ይነካል። ሥራ ላይ ያላችሁት ዘጠኝ ናችሁ። የራሳችሁን ተማሪዎች ማን ሊያስተምር ነው? ኮሚቴው የፈራው የውሃ ምህንድስና ዲፓርትመንት ጠቅላላ የጋራ ኮርስ አስተማሪ ሆኖ እንዲቀር ነው። ወይም ደግሞ፣ እሱ ይብሳል፣ ሥራው ለአዳዲስ ረዳት ምሩቃን ተጥሎ የኦቨርሎድ ክፍያ ጭቅጭቅ እንዲሆን።

በኤሌክቲቭ ብትጀምሩ በአንድ ሴሚስተር አራት ሴክሽን ትከፍታላችሁ። የአንድ መምህር ሎድ ነው። ይህን ዲፓርትመንታችሁ ዛሬውኑ ፈርሞ መስጠት ይችላል። በኋላ ሲሰፋ ደግሞ ብቻችሁን እንዳትሸከሙት አሁን መንገድ ጥረጉ። ፍሎራይዱን የኬሚስትሪ ወይም የሕብረተሰብ ጤና መምህር ያስተምረዋል። የዓባዩን ሕግ ወይም ፖለቲካል ሳይንስ። የሐረማያውን ጂኦግራፊ። ለዚህ ግን ከሞጁል የተለየ ነገር ያስፈልጋል፤ የመምህር መመሪያ። በየሳምንቱ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ተማሪዎች የት የት እንደሚሳሳቱ፣ ጥያቄዎቹና የእርማት መመሪያው። ሌላ ዲፓርትመንት ያለ ሰው አንስቶ ሊያስተምርበት የሚችል። የእናንተ ሞጁል 180 ገጽ ነው፤ የመምህር መመሪያ ግን የለውም። እኔ ኮሚቴ ውስጥ ብሆን ሞጁሉን 60 ገጽ አድርጉትና 30 ገጽ መመሪያ ጻፉ እላለሁ።

ሁለተኛውን በር ጠበኛ ያደረገው ምንድን ነው? ክሬዲት ነው። ግዴታ የሆነ 3 ክሬዲት ሲገባ ከእያንዳንዱ ፕሮግራም 3 ክሬዲት መውጣት አለበት፤ ወይም ተማሪው ላይ ይጨመራል። ሴኔት ላይ የተቀመጠው ዲን ስለ ውሃ አያስብም፤ «ከኔ የትኛው ኮርስ ይወጣል?» ነው የሚለው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ተማሪው 50 በመቶ ካላመጣ አይመረቅም፤ የዲፓርትመንቱ ስምም በማለፊያ ቁጥሩ ይነሳል። ፈተናው ላይ ለማይመጣ ኮርስ ክሬዲት የሚለቅ ዲፓርትመንት አታገኙም። ንፉግ ስለሆኑ አይደለም። ኤሌክቲቩ ግን ቀድሞ የተመደበ ቦታ ስለሆነ ከማንም አይወስድም። አብዛኛው ተቃውሞ እዚያው ይረግፋል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ከጂኦግራፊ ዲፓርትመንት ጋር ተነጋግራችኋል? ከደብዳቤ ልውውጡ እንዳየሁት አልተነጋገራችሁም። ስብሰባ ላይ ቀርቦ ከመከራከር በፊት ሄደው ሻይ ይጠጡ። የሐረማያውን ክፍል አብረን እንሥራ ይበሉ። በኮርሱ ሰነድ ላይ ስማቸው ከገባ «ይደራረባል» የሚለው ሰው ራሱ ተባባሪ ይሆናል። ከተስማማችሁ በደብዳቤ ያድርጉት። የቃል ስምምነት የዲፓርትመንት ኃላፊ ሲቀየር ይጠፋል።

ሰነዱን ስታቀርቡ ከላይ ሦስት ገጽ ብቻ ይኑር፦ ኮርሱ ለማን እንደሆነ፣ ተማሪው ጨርሶ ምን እንደሚሠራ፣ የሰዓትና የመምህር ሒሳቡ። ሌላው ሁሉ አባሪ ይሁን። የዩኒቨርሲቲዎች አሠራር በዝርዝሩ ይለያያል፤ በአብዛኛው ግን ከዲፓርትመንት ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን፣ ከዚያ ወደ ሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ፣ በመጨረሻ ወደ ሴኔት ነው። ሴኔት ላይ 180 ገጽ የሚያነብ የለም። ለሁለቱ የኮሚቴ አስተያየቶች ደግሞ ሠንጠረዥ ሥሩ። በአንድ በኩል አስተያየቱ ቃል በቃል፣ በሌላ በኩል ምን እንደተደረገና በስንተኛው ገጽ እንዳለ። ያልተቀበላችሁት ካለ ለምን እንዳልተቀበላችሁ ጻፉ። «ተስተካክሏል» ብቻ አትበሉ፤ ኮሚቴን የሚያናድድ ቃል እሱ ነው። ቃለ ጉባኤዎቹን ከየደረጃው አያይዙ። ሬጅስትራርንም ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የኮርስ ቁጥርና የምዝገባ ሥርዓት ሳይዘጋጅ የጸደቀ ኮርስ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አይነ ስውርና መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የመስክ ጉብኝቱን እንዴት እንደሚሳተፉ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ረቂቁ ውስጥ የለም፤ ለሁሉም ነው የተባለ ኮርስ ሁሉንም ማሰብ አለበት።

የመጨረሻው፣ መቼ? በኤሌክቲቩ መንገድ ከሄዳችሁ በመስከረም ለመጀመር በጥር ወር ከኮሌጁ ማለፍ አለበት። መጋቢትና ሚያዝያን ለሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴው ተዉለት፤ አንድ ጊዜ መመለሱ አይቀርም። ሴኔቱ ቢዘገይ በግንቦት ይየው። ሰኔ ላይ የመውጫ ፈተናና የምረቃ ጣጣ አለ፤ አጀንዳው ይሞላና የእናንተ ወደ «ሌሎች ጉዳዮች» ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። ሁለቱ የሙከራ ዓመታት ሲያልቁ ለምታቀርቡት የግዴታ ጥያቄ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ማስቀመጥ ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው፦ ከየትኛው ዲፓርትመንት ስንት ተማሪ እንደተመዘገበ፣ የጸሐፊው ስም የተሰረዘባቸው የተማሪ ጽሑፎች ከጥሩውም ከደካማውም፣ መምህሩ ለእርማት በትክክል የወሰደው ሰዓት።